የአፋር ጨውና የደጋ ብርድ፦ ስለ ለስላሳ ኮራል ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ የሚኖር ማንኛውም ሰው ሳሎኑ ውስጥ ለስላሳ ኮራል፣ ማለትም ትልቅ ድንጋያማ አጽም የሌለውን የባህር እንስሳ፣ በቀላሉ ማሳደግ እንደሚችል ያበሥራል። ሳነበው ደስም አለኝ፤ ተናደድኩም። ደስ ያለኝ ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በመገኘቱ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የባህር ውኃ ገንዳ አለኝ ስል አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመኝ ጥያቄ «ይበላል?» የሚል ነው። ያናደደኝ ደግሞ ምክሩን እንዳለ የተከተለ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የበሰበሰ እንስሳ፣ የገማ ውኃና የባከነ ገንዘብ ታቅፎ እንደሚቀር ስለማውቅ ነው።

ላላነበበው ሰው የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ለስላሳ ኮራል እንደ ድንጋያማ ዘመዱ ትልቅ አጽም ስለማይሠራ ችግር ቻይ ነው፤ እንደ ተክል በብርሃን ስለሚኖር ምግብ አያስፈልገውም ይላሉ። ከውጭ የሚመጣ የባህር ጨው ከንቱ ወጪ ነው፤ የአፋር ጨው ከጣሪያ በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ቢሟሟ ያው ባህር ነው፤ ውኃው ሲጎድል በዚያው በጨው ውኃ መሙላት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ ኦክስጅን ስለሚይዝ የደጋው ብርድ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ መብራትን ይተካል። ከጀማ ሸለቆ የሚመጣ የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ይሰጣል። ለስላሳ ኮራሎች ስለማይናደፉ ሁሉንም ዓይነት አንድ ላይ ማኖር ይቻላል፤ ከሌላ ሰው ገንዳ የመጣ ድንጋይ ደግሞ ተባይ እንዳይኖረው መቀቀል አለበት። በመጨረሻም ኮራሉን እየቆረጡ በመሸጥ ገቢ ይገኛል፤ ለዚህም የፈቃድ ወረቀት አያስፈልግም፤ የባህሩም ሪፍ (ኮራሎች የገነቡት የባህር ውስጥ ክምር) ይተርፋል።

ከሚያስማማን ልጀምር። ለስላሳ ኮራል ከድንጋያማው ይልቅ ለጀማሪ ይመቻል። ድንጋያማው አጽሙን ለመገንባት በየቀኑ ከውኃው ውስጥ ካልሲየምና ካርቦኔት ስለሚመጥጥ ባለቤቱ እነዚህን ሳያቋርጥ መተካት አለበት። እንደ ሳርኮፊቶን፣ ሲኑላሪያ ወይም ዜኒያ ያሉ ለስላሳ ኮራሎች ግን ቢበዛ በሥጋቸው ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የኖራ እሾሆች ብቻ ስላሏቸው ፍጆታቸው ትንሽ ነው። ከእንስሳቱ ቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት ጥቂት ከፍ ቢል አይደነግጡም፤ መጠነኛ ብርሃንም ይበቃቸዋል። ልዩነታችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጸሐፊው «ትንሽ ይበቃዋል» የሚለውን «ምንም ቢመጣበት ይችላል» ወደሚል ድምዳሜ ወስደውታል። ለስላሳ ኮራል የሚጠይቀው ትንሽ ነው፤ ያ ትንሽ ግን ሌሊትና ቀን፣ በጋና ክረምት ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። ደብረ ብርሃን ደግሞ ሙቀቱም፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉም፣ የአየሩ ድርቀትም የሚዋዥቅበት ከተማ ነው። ስሕተቶቹ ሁሉ ከዚህ ጋር ይያያዛሉ።

«እንደ ተክል ነው» የሚለውን አስቀድሜ ልመልስ። ኮራል እንስሳ ነው። ኮራሉ ከብዙ ትንንሽ ፖሊፖች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ፖሊፕ አፍ፣ ሆድና ስምንት ላባ መሰል ክንዶች አሉት፤ ስምንት መሆናቸው የለስላሳ ኮራሎች መለያ ነው። ብርሃኑን የሚጠቀምበት ኮራሉ ራሱ ሳይሆን በሥጋው ውስጥ የሚኖር፣ ዙዛንቴላ የተባለ በዓይን የማይታይ አልጌ (ተክል መሰል ፍጥረት) ነው። አልጌው ከሚያመርተው ስኳር ላስጠለለው ኮራል ያካፍለዋል። ስለዚህ ብዙ ለስላሳ ኮራሎች ዋናውን ምግባቸውን በብርሃን አማካይነት ያገኛሉ መባሉ ልክ ነው፤ ሳርኮፊቶንን በየቀኑ በማንኪያ የሚያጎርስ ሰው እኔም አላውቅም።

ሁሉም ግን እንደዚያ አይደሉም፤ የጽሑፉ ፎቶግራፍ ራሱ ጸሐፊውን ይቃረናቸዋል። በፎቶግራፉ የምትታየው ኮራል ግንዷ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በቅርንጫፎቿ ጫፍ ቀይና ብርቱካናማ የፖሊፕ ዘለላ የተንዠረገገባት ናት። ዴንድሮኔፍቲያ ትባላለች። በሥጋዋ ውስጥ ያ አልጌ የለም። ቀይ ባህር ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ዋና ምግቧ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ዕፅዋት መሆናቸውን አሳይቷል፤ ማለትም ምግብ የተሸከመ ወራጅ ውኃ ሌት ተቀን ሊደርሳት ይገባል። ይህን ማሟላት ለሠለጠኑ የሕዝብ አኳሪየሞች እንኳ ከባድ ሥራ ነው። እሷን መስኮት ሥር አስቀምጦ «ብርሃን ይበቃታል» ማለት በረሃብ መግደል ነው። እግረ መንገዴን ልጨምርና፣ የቀይ ባህሯ ዝርያ የተሰየመችው በጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ በሄምፕሪክ ስም ነው። ሰውየው ከባልደረባው ከኤረንበርግ ጋር የባህሩን እንስሳት ሲሰበስብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ። ስለ ቀይ ባህር ኮራሎች ከተጻፉት ቀደምት ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ከዚያ ጉዞ የተገኘ ነው። ኮራል የሩቅ አገር ሰዎች ጨዋታ ብቻ ነው ለሚሉን ይህን ማስታወስ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጨዉ ልምጣ፤ ብዙ አንባቢ የተማረከው በዚህ ነውና። የጸሐፊው ሙግት ጨው ያው ጨው ነው፣ አፍዴራ ሐይቅ ውስጥ ዓሣ ከኖረ ኮራል የማይኖርበት ምክንያት የለም የሚል ነው።

አንድ ሊትር የባህር ውኃ 35 ግራም ያህል የሟሟ ጨው ይይዛል። ከዚህ ውስጥ የገበታ ጨው ብለን የምናውቀው ሶዲየም ክሎራይድ 27 ግራም ገደማ ነው። በቀረው ውስጥ 1.3 ግራም ያህል ማግኒዥየም፣ 2.7 ግራም ያህል ሰልፌት፣ እያንዳንዳቸው 0.4 ግራም የሚሆኑ ካልሲየምና ፖታሲየም፣ እንዲሁም የውኃውን ፒኤች (የአሲድነቱን ልክ) ደግፎ የሚይዘው ባይካርቦኔት ይገኛሉ። የባህር ውኃ እየተነነ ሲሄድ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይረጉም። መጀመሪያ ኖራው ይወርዳል፤ ቀጥሎ ጂፕሰም፤ ከዚያ የገበታ ጨው። ማግኒዥየሙና ፖታሲየሙ እስከ መጨረሻው ድረስ መራራ በሆነው ውኃ ውስጥ ይቀራሉ። ጨው አምራች ያንን መራራ ውኃ ይለየዋል እንጂ አብሮ አያደርቀውም፤ ጨዉ ይመርበታልና። ዳሎል አካባቢም የፖታሲየምና የማግኒዥየም ጨዎች በራሳቸው ንብርብር ተለይተው ተቀምጠዋል፤ የፖታሽ ማዕድን ፈላጊዎችን እዚያ በረሃ ድረስ የሚወስዳቸውም ይኸው ነው። እንግዲህ የአፋርን ጨው መልሶ ማሟሟት ባህሩን አይመልሰውም። የሚመልሰው ከባህሩ አንዱን ክፍል ብቻ ነው።

ለዚህ ከዚያው ከአፋር የሚበልጥ ምስክር አላገኘሁም። በደናክል ረባዳ ጠርዝ ላይ ከ120 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የኮራል ሪፍ ቅሪት ዛሬም ይታያል። ያን ጊዜ ቀይ ባህር ወደ ውስጥ ዘልቆ ነበር። ኋላ መግቢያው ሲዘጋና ውኃው እየተነነ ሲሄድ ኮራሉ ሞተ፤ ጨዉ ግን ተከማቸ። ጸሐፊው ለኮራል መኖሪያ እንዲሆን የሚያቀርቡልን ጨው ኮራሉ ከሞተ በኋላ የቀረውን ነው።

የአፍዴራው ዓሣስ? አዎ፣ ዓሣ አለ፤ ዳናኪሊያ ከሚባለው ወገን የሆነ፣ በዚያው አካባቢ ብቻ የሚገኝ ዝርያ ነው። ዓሣ ግን ኩላሊትና ስንጥብ አለው፤ የደሙን ጨው ከውኃው ጨው ለይቶ ይጠብቃል። ኮራል ይህ ሁሉ የለውም። የሰውነቱ ፈሳሽ የውኃውን ጠባይ ይከተላል፤ ውኃው ሲዛባ እሱም ይዛባል። ደግሞስ ምሳሌው ለምን ግማሽ መንገድ ይሄዳል? አፍዴራ ውስጥ ዓሣ አለ፤ ኮራል የለም።

ከሱቅ የሚገዛው ጨው አዮዲን የተጨመረበት መሆኑም አለ። በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ቢኖረው፣ 27 ግራሙ በሊትር 0.8 ሚሊግራም ያህል ያስገባል፤ የባህር ውኃ ያለው ደግሞ 0.06 ገደማ ነው። ከአሥራ ሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። አዮዲን ያልገባበት የአሞሌ ጨው ብንወስድ እንኳ ማግኒዥየሙ የለም፤ በዚያ ላይ አፈሩ አለ።

አንድ ነገር ግን ልስጣቸው። የባህር ጨውን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት የማይቻል ነገር አይደለም። ንጽሕናው የታወቀ ሶዲየም ክሎራይድ፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ፖታሲየም ክሎራይድና ባይካርቦኔት በትክክለኛ ሚዛን እየመዘነ የሚቀላቅል ሰው የሚሠራ ውኃ ያገኛል። ይህ የኬሚስት ሥራ ነው፤ የመለኪያ ኪቶችም ይፈልጋል። ጽሑፉ የመከረን ግን ይህን አይደለም። አሞሌ ፈጭታችሁ ባልዲ ውስጥ ጨምሩ ነው ያለን።

የተሳሳተው ውኃ ውስጥ የገባ ሳርኮፊቶን ወዲያው አለመሞቱ ነገሩን ያባብሰዋል። ይህ እንጉዳይ መሰል ኮራል በጤናውም ጊዜ አልፎ አልፎ ፖሊፖቹን ሁሉ ሰብስቦ ይዘጋል። ባርኔጣው ይለሰልሳል፣ ሰም የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል፣ አቧራና አልጌ ይይዘዋል። ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ስስ ሽፋን ከላዩ እየተላጠ በወራጁ ውኃ ይሄዳል፤ ከሥሩም ፖሊፖቹ እንደገና ብቅ ብቅ ይላሉ። ጸሐፊው ይህን አይተው «ከተዘጋ እያረፈ ነው፤ አትንኩት» ይላሉ። ጤነኛው ሲዘጋ ግን ግንዱ ጠንካራና ቀጥ ያለ ነው። የሚሞተው ግንዱ ይላላል፣ ባርኔጣው ወደ ጎን ይወድቃል፣ ጠርዙ ይጠቁራል፤ ተነሥቶ ሲሸተት የበሰበሰ ሥጋ ይሸታል። በአፋር ጨው ውኃ ውስጥ «ያረፈ» ኮራል ባለቤቱ በትዕግሥት ሲጠብቀው የሚሞት ኮራል ነው።

ስለ ዝናብ ውኃው አጭር መልስ ይበቃል። የዝናብ ውኃ ማዕድን የሌለበት መሆኑ እውነት ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም እንደዚያ ያለ ውኃ ነው። ጣሪያችን ግን ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮውም በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ ለአጥንት አልባ የባህር እንስሳት ከመጠን ሲያልፍ መርዝ ነው። የጉድጓድ ውኃም ቢሆን ደጋችን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ሲሊካ ይዞ ይመጣል፤ መስታወቱን ቡናማ የሚያለብሰው አልጌ የሚወደውን ማለት ነው። የሟሟ ማዕድንን በሚያስቀር፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባል ማጣሪያ ያለፈ ውኃ ይሻላል። ማጣሪያው የሌለው ሰው ዝናቡን ከጣሪያ ሳይሆን በንጹሕ ላስቲክ ላይ፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ አየሩ ከአቧራ ሲጠራ ይሰብስብ።

የጎደለውን በጨው ውኃ መሙላት የሚለው ደግሞ ስሌት እንኳ ያልተሠራለት ምክር ነው። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨዉ ይቀራል። በመቶ ሊትር ገንዳ ውስጥ አምስት ሊትር ቢተን ጨዋማነቱ በሊትር ከ35 ግራም ወደ 37 ሊጠጋ ይደርሳል። ያንን በጨው ውኃ የሚሞላ ሰው በየሳምንቱ ጨው እየጨመረ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ነፋሱ ደረቅ በሚሆንበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። የጎደለው በጨው አልባ ውኃ ይሞላል፤ ጨዋማ ውኃ የሚያስፈልገው የቆየውን ውኃ ቀድተው ሲለውጡ ብቻ ነው።

ወደ ብርዱ እንለፍ። ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ የፊዚክስ ሕግ ነው፣ አልከራከርም። ኮራሉ ግን የሞቃት ባህር እንስሳ ስለሆነ ገንዳው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ መቆየት አለበት። ውኃው ሲሞቅ የብርዱ ጥቅም አብሮ ይጠፋል፤ የከፍታው ጉዳት ብቻ ይቀራል። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው 72 በመቶ ያህል ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ያለ የባህር ውኃ በባህር ዳርቻ በሊትር ወደ 6.8 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ ወደ 4.9 ነው የሚይዘው። ቀን አልጌው ኦክስጅን ስለሚያመርት ችግሩ አይታይም። ሌሊት ግን ኮራሉም፣ ዓሣውም፣ ባክቴሪያውም፣ አልጌው ራሱም ይተነፍሳል፤ ሊነጋጋ ሲል ውኃው ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በእኛ ከተማ ከመብራቱም፣ ከማጣሪያውም በፊት ሊታሰብበት የሚገባው የውኃውን ገጽ ሌሊቱን ሙሉ የሚያናውጥ ፓምፕ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ፓምፕ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም።

ጸሐፊው «ቀን ቤቱ ይሞቃል፤ ሌሊቱን ይችለዋል» ይላሉ። ውርጭ ሣሩን በሚያነጣበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ማሞቂያ የሌለው የደብረ ብርሃን ቤት ውስጥ ያለ ውኃ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ማንም እጁን ነክሮ ሊያውቅ ይችላል። እነዚህ ኮራሎች በሚኖሩበት ባህር በአንድ ቀን ውስጥ የሚታየው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ቢሆን ነው። ማሞቂያ ግድ ነው ማለት ነው። ሁለት መቶ ሊትር የባህር ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ከሩብ ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ያነሰ ኃይል ያስፈልጋል፤ ሂሳቡን ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ቤት ያስላው። አንድ ትልቅ ማሞቂያ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ መግዛት ይሻላል። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይይዘዋል፤ አንዱ አልጠፋ ብሎ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ገንዳውን አይቀቅለውም።

መብራት ሲጠፋስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ባትሪውን ማሞቂያው ላይ ያባክናል። የአየር ፓምፕ አራት ወይም አምስት ዋት ይበቃዋል፤ ማሞቂያው ሁለት መቶና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ኦክስጅኑ ግን በሌሊት ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ባትሪው ለፓምፑ ይሁን። ሙቀቱን ለመያዝ ከመንዝ ባና የሚበልጥ ነገር እኔ አላገኘሁም። የገንዳውን አራት ጎን ድርብ አድርጎ በባና መጠቅለል ነው፤ ላዩን ግን መሸፈን አይገባም፤ ውኃው የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ከሰል አያይዞ ክፍሉን መዝጋት ግን ከኮራሉ በፊት ሰዉን ይገድላል።

ጽሑፉ ሰሜን ሸዋን እንደ አንድ አየር ንብረት መቁጠሩም አስገርሞኛል። ከጣርማ በር ቁልቁል በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው በአንድ ጉዞ ከጋቢ ወደ ካናቴራ ይሸጋገራል። ሸዋ ሮቢት ከደብረ ብርሃን 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። እዚያ ችግሩ ሙቀት ነው። ውኃው 30 ዲግሪ አልፎ ሲሰነብት ኮራሉ አልጌውን ያስወጣና ይነጣል። በውኃው ገጽ ላይ የሚነፍስ ትንሽ ማራገቢያ በትነት አማካይነት ጥቂት ዲግሪ ያወርዳል፤ የሚተነውን ውኃ በየቀኑ መተካት ብቻ ነው። እንዲያውም ውኃን ከማቀዝቀዝ ማሞቅ ይቀላል፤ ይረክሳልም። በዚህ በኩል ደጋው በእርግጥ ጥቅም አለው። ጸሐፊው «ብርዱ ይጠቅማል» ሲሉ ትክክል የሚሆኑት በዚህ ነው፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነበር።

የመስኮቱ ፀሐይ ላይ ብዙ አልቆይም። በፀሐይ ብርሃን ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ፤ ያማረ ውጤትም አይቻለሁ። ያ ግን በጣሪያ በኩል ቀኑን ሙሉ የሚገባ ብርሃን ነው እንጂ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ከጎን መጥቶ የሚሄድ ጨረር አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ እኛ ዘንድ ፀሐይ በቀጠሮ ነው የምትታየው። ሰዓት የተሞላለት የኤልኢዲ መብራት አይዋዥቅም፤ ለስላሳ ኮራል የሚፈልገውም ይህንን ነው።

የጀማ ድንጋይም እንዲሁ በአጭሩ። ድንጋዩን እወደዋለሁ፤ ራሱ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ባህር ወለል ነው፤ ዛሬ ለሚ ላይ ሲሚንቶ የሚሆነውም የኖራ ድንጋይ ነው። ለገንዳ መሠረት ይሆናል፤ ሸክላ የሌለበትን መርጦ ማጠብ ነው። ካልሲየም ይሰጣል የሚለው ግን አይሠራም። ፒኤቹ ከ8 በላይ የሆነ የባህር ውኃ ኖራውን አያሟሟውም፤ ውኃው አስቀድሞ ጠግቧልና። ድንጋዩ የሚሟሟበት ገንዳ ውኃው የአሲድነት ጠባይ ያመጣ ገንዳ ነው። እዚያ ከደረሰ የካልሲየም ጉዳይ የመጨረሻው ጭንቀታችን ይሆናል።

ለስላሳ ኮራሎች አይናደፉም የተባለው ከሞላ ጎደል እውነት ነው። መናደፊያቸው ደካማ ነው። ይሁን እንጂ የማይናደፍ ሁሉ ሰላማዊ አይደለም። ሳርኮፊቶንና ሲኑላሪያ ተርፒን የተባሉ ኬሚካሎች ወደ ውኃው ይለቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች እነዚህ ኬሚካሎች ጎረቤት የሆኑ ድንጋያማ ኮራሎችን እንደሚያቀጭጩና እንደሚገድሉ አሳይተዋል። በሰፊው ባህር ውኃው ወስዶ ያቀጥነዋል፤ በሁለት መቶ ሊትር ገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ አክቲቭ ካርቦን የሚባለውን ለዚህ የተሰናዳ ከሰል በማጣሪያው ውስጥ ማኖርና እየተለወጠ እንዲሄድ ማድረግ፣ ውኃውን በየጊዜው በከፊል መቀየር፣ ኮራሎቹን ማራራቅ ነው። የምድጃ ከሰል ይህን አይተካም። ሌላው ጦርነት የመሬት ነው። ዜኒያ ፖሊፖቿን እንደ እጅ እየከፈተችና እየጨበጠች ስትወዛወዝ ታይታ አትጠገብም፤ ከተመቻት ግን ድንጋዩን ሁሉ ትወርሳለች። እሷን ብቻዋን በቆመ ድንጋይ ላይ፣ ከሌላው ጋር ሳይነካካ ማስቀመጥ ያዋጣል።

ስለ ገቢው የተባለው ግማሹ ልክ ነው። ሳርኮፊቶን በምላጭ ይባዛል። ባርኔጣውን ከግንዱ ላይ በአንድ ስለት መቁረጥ፣ ባርኔጣውን እንደ ዳቦ መሸንሸን፤ ቁራጮቹን በጠጠር ላይ አድርጎ በስስ መረብ ላላ አድርጎ ማሰር ነው። ማጣበቂያ አይይዘውም፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ልጋግ ይገፋዋል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ከጠጠሩ ጋር ይዋሐዳል፤ የቀረው ግንድም አዲስ ባርኔጣ ያወጣል። በቤት የተባዛ ኮራል ከባህር የሚነቀለውን ይቀንሳል መባሉም ያስማማኛል። «ሪፍ ይተርፋል» የሚለው ግን ከዚህ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የዓለም ኮራሎች አራተኛው ዓለም አቀፍ የመንጣት ክስተት ላይ መሆናቸው የተገለጸው ሰዎች ከባህር ስለነቀሏቸው ሳይሆን ባህሩ ስለሞቀ ነው። ገበያውስ የት ነው? የባህር ውኃ ገንዳ ያለው ሰው በጣት በሚቆጠርበት አገር ቁራጭ ሽጦ የማሞቂያውን የኤሌክትሪክ ሂሳብ መክፈል የሚችል ካለ ሂሳቡን ያሳየን። ወረቀት አያስፈልገውም የተባለውም አደገኛ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ውስጥ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አብዛኞቹ ለስላሳ ኮራሎች በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ ድንጋያማዎቹ ግን ሁሉም አሉ። ስምንት ክንድ ካላቸው መካከልም ሰማያዊው ኮራልና የኦርጋን ቧንቧ የሚመስለው ቀዩ ኮራል ተመዝግበዋል። ያለ ፈቃድ በሻንጣ ይዞ መምጣት ለስላሳ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ገንዘብና ኮራል የሚያስከፍል ስሕተት ነው። ድንጋዩን ቀቅሉ የሚለው ግን ሰው ያስከፍላል። ከሌላ ሰው ገንዳ በሚመጣ ድንጋይ ላይ ዞዋንቲድ የተባሉ፣ ትንንሽ አበባ የሚመስሉ እንስሳት ተለጥፈው ይመጣሉ። በሳይንሱ ለስላሳ ኮራል አይደሉም፤ በገበያ ግን ከለስላሳ ኮራል ጋር አብረው ይሸጣሉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ፣ በተፈጥሮ ከሚታወቁት እጅግ ብርቱ መርዞች አንዱን ይይዛሉ። ማፍላት ይህን መርዝ አያጠፋውም፤ እንፋሎቱ ይዞት ይወጣል። በተለያዩ አገሮች እንዲህ ዓይነት ድንጋይ ቀቅለው ወይም በፈላ ውኃ ፈግፍገው በእንፋሎቱ ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ። ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ሕመምና የጡንቻ መዛል ያስከትላል። አሁን ይህን በደብረ ብርሃን ብርዳማ ምሽት፣ በርና መስኮቱ ተዘግቶ፣ ልጆች ምድጃው ዙሪያ በተሰበሰቡበት ቤት አስቡት። እንዲህ ያለ ድንጋይ የያዘ ሰው ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርግ፤ ከውኃ ውጭ አይፈግፍገው፤ እጁ ላይ ቁስል ካለ አይንካው። ተባይ ያሠጋው ሰው ድንጋዩን ለብቻው በጨው ውኃ ዕቃ ውስጥ ለሳምንታት አቆይቶ ይመልከተው።

በጨዉም፣ በብርዱም፣ በገበያውም እየተጻጻፍን መከራከር እንችላለን። ድንጋዩን ቀቅሉ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን ጸሐፊው ዛሬውኑ እንዲያነሡት እጠይቃቸዋለሁ፤ ጽሑፉን ለሌላ ያስተላለፋችሁም ለላካችሁለት ሰው ይህችን ነገር ንገሩት።